ሌሊት በሰባት ሰዓት የሚጠራኝ ጨዋታ

ጤና ይስጥልኝ።

የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አንድ ባንክ ውስጥ ካሸር ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠፈር ያለበት ተከታታይ ፊልምና ጌም ነፍሴ ነው። ያስለመደኝ የአጎቴ ልጅ ነው፤ እኛ ቤት ነው ያደገው፣ እናቴም እንደ ልጇ ነው የምታየው። ከሦስት ዓመት በፊት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲሄድ ፕሌይስቴሽን 4 የሚባለውን የጌም ማጫወቻ (ኮንሶሉን) ለእኔ ተወልኝ። እዚያ ሲደርስ ለራሱ ሌላ ገዛና አሁን ኖ ማንስ ስካይ የሚባለውን የጠፈር ጌም በኦንላይን አብረን እንጫወታለን። ዘ ኤክስፓንስ የሚባለውን ተከታታይም እኩል እየከፈትን፣ በስልክ እያወራን እናያለን። ሦስተኛውን ሲዝን ልንጀምር ነው።

እሱ ከሥራ ገብቶ እፎይ የሚለው በእነሱ ከምሽቱ 6 ሰዓት ነው። እኛ ጋ ሌሊት 7 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት እተኛና 7 ሰዓት ላይ አላርም ቀስቅሶኝ እነሳለሁ፤ እስከ 9 ሰዓት እንጫወታለን። መብራት ከጠፋ ደግሞ የሠራነው ይጠፋና እንደገና ስንጀምር 10 ሰዓት የሚሆንበት ጊዜ አለ። 11 ሰዓት ተኩል ለሥራ እነሳለሁ። በሳምንት አራት አምስት ሌሊት እንዲህ ነው።

ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ሾርቴጅ (የገንዘብ ጉድለት) ወጣብኝ። አንደኛው 2,400 ብር ነበር፤ ለአንድ ደንበኛ 12 ባለ ሁለት መቶ አብልጬ ሰጥቼ ነው። ከኪሴ ከፈልኩ። ሥራ አስኪያጃችን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኛል።

እናቴ ሌሊት ስንሾካሾክና ስስቅ ሰምታ «ከማን ጋር ነው? ወንድ ነው?» አለችኝ። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ነው ብዬ ዋሸኋት። የዋሸሁት እሱ «ለእቴቴ ምንም እንዳትነግሪያት» ስላለኝ ነው። የመጀመሪያ ሥራውን አጥቶ አሁን መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ቤዝመንት ተከራይቶ ብቻውን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ትቷል። «ቀኑ ደህና የሚሆንልኝ ከአንቺ ጋር ስጫወት ብቻ ነው» ይለኛል። ብተወው እሱ ብቻውን ሊቀር ነው፤ ባልተወው ሥራዬን ላጣ ነው። እናቴ «ሱሰኛ ሆነሻል» ትለኛለች። እውነት ሱሰኛ ሆኜ ይሆን? ምን ላድርግ?

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከጀሞ

*

ውድ እህታችን፣

ቶሎ የሚያልቀው የሱስ ጥያቄሽ ስለሆነ ከእሱ እንነሳ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ አለ። መለያዎቹም ሦስት ናቸው፤ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያቆሙ መቆጣጠር አለመቻል፣ ጨዋታው ከሌላው ኑሮ ሁሉ መቅደሙ፣ ጉዳቱን እያዩም መቀጠል። በዚያም ላይ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል የዘለቀና ሥራን፣ ትምህርትን ወይም ቤተሰብን በጉልህ ያናጋ መሆን አለበት። ሦስተኛው እንደሚነካሽ አይካድም። ግን እስቲ ይህን መልሺልን፤ የአጎትሽ ልጅ «ዛሬ አልገባም» ባለበት ሌሊት ተነስተሽ ብቻሽን ትጫወቻለሽ? ወይስ አላርሙን አጥፍተሽ እስኪነጋ ትተኛለሽ? ሁለተኛው ከሆነ አንቺን የሚቀሰቅስሽ እሱ ነው፤ ኮንሶሉ ምንም አላደረገሽም። የመጀመሪያው ከሆነ ግን፣ ሰዓቱን አስተካክለሽም መተው ካቃተሽ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማነጋገር ይበጅሻል። ይህ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እኛን ያሳሰበን እንቅልፍሽ ነው። ሲቆጠር አምስት ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ ነገር ግን ከጨዋታ ተነስቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው የለም። በስክሪኑ ብርሃንና በጨዋታው ሙቀት አእምሮሽ ነቅቶ ስለሚቆይ እንቅልፍ እስኪወስድሽ ግማሽ ሰዓት ቢያልፍ አይገርምም። ስለዚህ የምታገኚው ሦስት ሰዓትና ሁለት ሰዓት፣ ለሁለት የተከፈለ አምስት ሰዓት ነው። በአንቺ ዕድሜ ያለ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። መቆራረጡ ደግሞ ለብቻው ይጎዳል። ጥልቁ እንቅልፍ በብዛት የሚመጣው በሌሊቱ መጀመሪያ ነው፤ ሕልም የሚታይበትና ትውስታን በማደራጀት ድርሻ ያለው ደግሞ ወደ ንጋት ይበዛል። አንቺ የፊተኛውን በአላርም ትቆርጪዋለሽ፣ የኋለኛውን በታክሲ ሰልፍ። እንቅልፍሽ ሁለት ያጣ ጎመን ሆኗል።

ደስ የሚለው፣ ማታ 4 ሰዓት የመተኛት ልማድ አለሽ። ያችን የ7 ሰዓት አላርም ብቻ ብታጠፊያት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ሰባት ሰዓት ተኩል ትተኛለሽ። ሌላ ምንም መቀየር አያስፈልግሽም። ቡና የምታበዢ ከሆነ ግን የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ፤ የጠጣሽው ካፌይን ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ሰውነትሽ ውስጥ ነው።

ሾርቴጁ የወጣባቸውን ሁለት ቀናት መለስ ብለሽ እያቸው። ዋዜማቸው የጨዋታ ሌሊት ነበር? ስህተቱስ ጠዋት ነው የተፈጠረው ወይስ ከምሳ በኋላ? ካላወቅሽው የቀኑን ወጪ ስሊፖች ከሰዓታቸው ጋር እንዲያሳዩሽ ሱፐርቫይዘርሽን ጠይቂ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበልጥ ይደክማል፤ በዚያ ሰዓት ትልልቅ ወጪ ሲመጣ ከማሽኑ በኋላ በእጅሽ ድገሚው፣ ድምሩንም ለደንበኛው ጮክ ብለሽ ንገሪ። የአንዱን ሳትጨርሺ የሌላውን ስሊፕ አትቀበዪ። እንቅልፍሽ እስኪመለስ ድረስ ይህ ከማስጠንቀቂያ ያድንሻል። ለሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ሌሊት ጌም ስጫወት ነው» ማለት አይጠበቅብሽም፤ «የእንቅልፍ ችግር ነበረብኝ፣ እያስተካከልኩት ነው» ካልሽ ውሸት የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የአጎትሽን ልጅ መተው የለብሽም፤ መቀየር ያለበት የምትገናኙበት ሰዓት ነው። ሁለታችሁም የያዛችሁት እሱ ከሥራ የሚገባበትን ሰዓት ብቻ ነው፤ የቀረውን ቀን ማን አየው? ከዚህ በታች የእሱን ሰዓት በእነሱ፣ ያንቺን በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን። አሁን እንዳልሽው የሰባት ሰዓት ልዩነት ባለበት ወቅት፣ እሱ ቀትር 12 ሰዓት ላይ ለምሳ ሲወጣ አንቺ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ከሥራ ገብተሻል ወይም አውቶቡስ ውስጥ ነሽ። ያቺ የምሳ ዕረፍት ለሃያ ደቂቃ ወሬ ትበቃለች፤ በሳምንት ሦስት ቀን ቢደረግ አሁን ከጨዋታው መሐል እየነጠቃችሁ ከምታወሩት አያንስም። ጨዋታው ደግሞ ለቅዳሜና እሑድ ይቆይ። እሱ ጠዋት ለሦስት ሰዓታት ያህል ተጫውቶ ቀኑን ቢጀምር ምን ይለዋል? በእነሱ ከጠዋቱ 9 ሰዓት ማለት ላንቺ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ከ10 እስከ 1 ሰዓት ተጫውታችሁ እራት በልተሽ 4 ሰዓት ትተኛለሽ። ቅዳሜ ባንክ ከገባሽ እሑድን ያዙ።

እሱ «የሚከብደኝ ግን ምሽቱ ነው» ሊልሽ ይችላል፤ እውነቱን ነው። ለዚያ ሰዓት የድምፅ መልእክት አስቀምጪለት። ሳትተኚ በፊት፣ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቴሌግራም ላይ ቅጂለት፤ ሥራ ሲጨርስ ይሰማዋል። እሱም በምሽቱ ይመልስልሽና አንቺ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ትሰሚዋለሽ። እንዲያውም የመረጣችሁት ጌም ለዚህ የተመቸ ነው። ኖ ማንስ ስካይ ላይ አንዱ የሠራውን ቤዝ (መኖሪያ ሰፈር) ሌላው በኋላ ገብቶ ሊያየው ይችላል። እሱ በምሽቱ ብቻውን ገብቶ ማዕድን ቆፍሮ፣ ክፍል ጨምሮ ይተውልሽ፤ አንቺ እሑድ ታገኚዋለሽ። «ዛሬ ምን ሠራህልኝ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ካለ ብቻውን መጫወቱም ያን ያህል አይከብደውም።

እሑዱ እንዳይበላሽ ሁለት ሦስት ነገር ልብ በሉ። የዚህ ጌም ሠሪዎች አፕዴት ማውጣት ይወዳሉ፤ ደግነቱ በነፃ ነው፣ ክፋቱ ደግሞ ጊጋባይት ይበላል። የሁለታችሁ ቨርዥን ካልተመሳሰለ አብራችሁ መግባት አትችሉም። እሑድ 10 ሰዓት ላይ ከፍታችሁ «አፕዴት ያስፈልጋል» ከተባላችሁ ሰዓቱ በመጠበቅ ያልቃል። ስለዚህ ዓርብ ማታ አንድ ጊዜ ክፈቺውና ካለ ሌሊቱን ያውርድ። ጨዋታው ራሱ ብዙ ዳታ አይፈልግም፤ ዳታሽን የሚጨርሱት አፕዴቱና ተከታታዩ ናቸው።

መብራቱን በተመለከተ፣ የሠራችሁት የሚጠፋው ሴቭ ሳይደረግ ስለሚቆይ ነው። በዚህ ጌም ከመርከብሽ ወርደሽ መሬት በረገጥሽ ቁጥር ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ቤዝ ስትገነቡ ግን አንድ ቦታ ሰዓት ሙሉ ትቆያላችሁ፤ መብራት የሚያስለቅሳችሁም ያኔ ነው። በየሩብ ሰዓቱ መርከብሽ ውስጥ ገብተሽ ውጪ፣ በቃ። ኮንሶሉን ረስት ሞድ ላይ (ሳይጠፋ እንዲያርፍ) ትቶ መሄድም አያዋጣም፤ ጨዋታው የሚቆየው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ነው።

እጅሽ ላይ ገንዘብ ሲኖር ባለ 650 ቪኤ (የአቅሙ መለኪያ ነው) ዩፒኤስ ግዢ፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚያቆይ መሣሪያ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም ሲጫወቱበት ከ80 እስከ 100 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው፤ መካከለኛ ኤልኢዲ ቴሌቪዥንና ራውተር ተጨምሮም ከ200 ዋት አያልፍም። ዩፒኤሱ ለሰዓታት አያጫውትሽም፤ ሴቭ አድርገሽ በወጉ እስክትዘጊው ግን ይበቃል። ሱቅ ላይ ስታብላይዘር በዩፒኤስ ስም እንዳይሰጥሽ፤ ስታብላይዘር የመብራቱን ከፍና ዝቅ ያስተካክላል እንጂ ባትሪ የለውም። መብራት ድንገት ጠፍቶ ኮንሶሉ አልነሳም ያለ ቀን ደግሞ ወደ ጥገና ከመሮጥሽ በፊት ይህን ሞክሪ። ሙሉ በሙሉ አጥፊው፤ ከዚያ ሁለተኛ ጢጥ እስኪል ሰባት ሰከንድ ያህል ማብሪያውን ተጭነሽ ያዢ። ኮንትሮለሩን በኬብል አያይዢና ከሚመጣው ዝርዝር 5ኛውን ምረጪ፤ የተበታተነውን መዝገብ መልሶ ያደራጃል። 6ኛውንና 7ኛውን እንዳትነኪ፤ እነሱ ውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋሉ።

ተከታታዩን እኩል ከፍቶ ማየቱን ግን ብትተዉት እንመርጣለን። ዘ ኤክስፓንስ ስድስት ሲዝን፣ 62 ክፍል ነው፤ ሦስተኛውን ልትጀምሩ ከሆነ 39 ይቀራችኋል። እያንዳንዳችሁ በሚመቻችሁ ሰዓት በሳምንት ሁለት ክፍል ብታዩና በምሳ ሰዓቱ ብታወሩበት አምስት ወር ይወስዳችኋል። አንድ ክፍል ብለሽ ሦስት የምታዪበትን ምክንያት ታውቂዋለሽ፤ መጨረሻው ሆነ ተብሎ ልብ የሚያንጠለጥል ነው፣ ቀጣዩም ራሱ ይከፍታል። ሁለት መላ አለው። ራሱ እንዳይቀጥል ከሴቲንግ ውስጥ አጥፊው። ከዚያ ደግሞ ክፍሉ ሲያልቅ አታቁሚ፤ የሚቀጥለውን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እዪና እዚያ ላይ ዝጊው። የተንጠለጠለው ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይፈታል፣ አዲሱ ገና አልተቋጠረም፤ ለመተኛት የሚመቸው ቦታ ያ ነው። ሦስተኛው ሲዝን ሲያልቅም ረፍት ውሰዱ። ሳይፋይ የተባለው ጣቢያ እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ተከታታዩን የተወው እዚያ ላይ ነበር፤ አማዞን አንስቶ እስኪቀጥለው ድረስ ተመልካቹ ሁሉ ጠብቋል፣ እናንተም ሁለት ሳምንት ብትጠብቁ ምንም አትሆኑም።

ይህን ሁሉ ለእሱ እንዴት ትነግሪዋለሽ? በጨዋታ መሐል አይሁን፤ ደግሞም «ከእንግዲህ ሌሊት አልችልም» ብለሽ አትጀምሪ። ብቸኛ ሰው የሚሰማው «አልችልም» የምትለዋን ብቻ ነው። ሰዓቱን አስቀድመሽ ይዘሽለት ሂጂ። እንዲህ ብትጽፊለትስ፦ «ስማ፣ ሁለቴ ሾርቴጅ ወጥቶብኝ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ሌሊት መነሳቱ አልቻልኩትም። አንተን ግን ማጣት አልፈልግም። ምሳ ስትወጣ ልደውልልህ፣ እሑድ ጠዋትህን ደግሞ ለእኔ ስጠኝ። ይመችሃል?» ሾርቴጁን እስካሁን አልነገርሽው ከሆነ ንገሪው። እሱ የሚያውቀው አንቺ ሌሊት ነቅተሽ እንደምትስቂ ብቻ ከሆነ ምን ያህል እንደሚያስከፍልሽ በምን ያውቃል?

«ቀኑ ደህና የሚሆንልኝ ከአንቺ ጋር ስጫወት ብቻ ነው» ያለሽን ግን ዝም ብለሽ አትለፊው። ይተኛል? ይበላል? ከሥራ ሌላ ከቤት ይወጣል? ከሳምንት ሳምንት እየባሰበት ነው ወይስ ባለበት ነው? እነዚህን በምሳ ሰዓት አንድ በአንድ ጠይቂው፤ ስትጠይቂ ደግሞ መፍትሔ ለመስጠት አትቸኩዪ፣ ይጨርስ። ስለ መሞት የሚመስል ነገር ከተናገረ በቀጥታ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ማለት ትችያለሽ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም። አሜሪካ ውስጥ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ላለባቸው በተዘጋጀው የእርዳታ መስመር 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት መደወልም መልእክት መጻፍም ይቻላል፤ ቁጥሩን ላኪለት። ያን ቀን ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ እዚያ አጠገቡ ሊደርስ የሚችል ዘመድ ወይም ጓደኛ ወዲያው መስማት አለበት። ያን ያህል ካልሆነ ግን ትንሽ በትንሽ ነው። እዚያው ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው አማርኛ እየሰማ ቡና የሚጠጣበት ቤት አያጣም። ቤተ ክርስቲያን ለምን እንደተወ ጠይቂው፤ ሥራ ማጣቱን ሰው እንዳይጠይቀው ሸሽቶ ይሆን? ብዙዎች የሚቀሩት በዚህ ነው።

እናትሽ የቀሩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከሁሉ የሚቀለውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ነገር ተደባልቆብሻል። ሥራ ማጣቱና ቤዝመንት መኖሩ የእሱ ነው፤ እሱ ካልፈቀደ አትናገሪም። ሌሊት የምታወሪው ከእሱ ጋር መሆኑ ግን ምኑ ነው ምስጢሩ? ለአጎትሽ ልጅ አስቀድመሽ «ለእቴቴ እንደምንደዋወል ልነግራት ነው፤ ስለ ሥራህ ቃል አልናገርም» በዪውና ለእናትሽ ንገሪያቸው። «እማዬ፣ ከባልደረባዬ ጋር ነው ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ከእሱ ጋር ነው የምጫወተው። ሌሊት መነሳቱን ትቻለሁ።» ሊቆጡሽ ይችላሉ፤ የሚቆጡት ግን ለምን ደበቅሽኝ ብለው ነው። «ሥራ እንዴት ነው?» ብለው ከጠየቁሽ «ራሱ ይንገርሽ» ብለሽ እለፊው። ያሳደጉት ልጅ ድምፅ እሑድ 10 ሰዓት ላይ በስፒከር ሲሰማ እናትሽ ኮንሶሉን የሚያዩበት ዓይን ይቀየራል ብለን እንገምታለን። እሱ ገና ካልተዘጋጀ አታስገድጂው፤ ሰላምታ ብቻ ይበቃል።

መጀመሪያ የምታደርጊው ዛሬ ማታ አላርሙን ማጥፋትና መልእክቱን መላክ ነው፤ ለእናትሽ መንገሩ የእሱን መልስ ይጠብቅ። አሜሪካኖች በእኛ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰዓታቸውን ስለሚመልሱ ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። የምሳ ሰዓቱ ወደ ማታ 2፣ እሑዱ ወደ 11 ሰዓት ይገፋል፤ መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ ተመልሶ እንደ አሁኑ ይሆናል። በዚያ ሳምንት አንዳችሁ ሌላውን ሰዓት ሙሉ እንዳትጠብቁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።